የኢንቨርካርጊሉ ጋራዥ

ባለፈው ሰሞን ከማደሪያ ክፍል ጓደኞቼ አንዱ አልጋዬ ላይ የተዘረጋውን የሞተር ሥዕል አይቶ፣ «ስማ እንጂ፣ የምታጠናው ታሪክ ነው ወይስ ጋራዥ ልትከፍት ነው?» አለኝ። ተሳሳቅን። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም። የታሪክ ተማሪ ስለ ንጉሥ፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ መሬት ሥሪት ቢጽፍ «ምን አገባህ» የሚለው የለም። ስለ ፒስተንና ስለ ቢየላ ቢጽፍ ግን ከትምህርቱ የኮበለለ ይመስላል። ይህ ንቀት ከየት መጣ ብንል ሩቅ መሄድ አያሻም። ብረት ቀጥቃጩን ቀን ማረሻና ቢላ እያሠራን፣ ሲመሽ ቡዳ ነው ብለን የምንሸሸው እኛው ነን። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ ማስነገራቸውን ሁላችንም ክፍል ውስጥ ተምረናል፤ ዐዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለ በዛ እንደ ሆነ ግን ማንም አያነሣውም። እኔም እልኸኛ ነኝና እነሆ ስለ ብረት ልጽፍ ተነሣሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ሰውዬው ሄርበርት ጄምስ መንሮ ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ግን በርት መንሮ በሚለው ስሙ ነው። በ1899 በኒውዚላንድ ደቡባዊ ጫፍ ተወለደ። በኋላም አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው እዚያው፣ ኢንቨርካርጊል በምትባል ከተማና በአካባቢዋ ነው። በ1920 ኢንዲያን ስካውት የተባለ አዲስ ሞተር ሳይክል ገዛ። ዕቃው የተሠራው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ሲሆን፣ ንድፉን ያወጣው ቻርልስ ፍራንክሊን የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ ነበር። ሁለት ሲሊንደሮቹ እንደ ተዘረጉ ሁለት ጣቶች በቪ ቅርጽ የቆሙ፣ መጠኑ 600 ሲ.ሲ. ገደማ፣ ቢበዛ በሰዓት 89 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነበር። ለዘመኑ ደህና ዕቃ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እስኪያረጅ ነድቶ ይሸጠው ነበር። መንሮ ግን በ1926 መፍታት ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት አልፎት እንኳ ፈትቶ አልጨረሰም።

እዚህ ላይ ስለ ሞተር ትንሽ መናገር ግድ ይላል። ሞተር በእርግጥ የሚርበው ከቤንዚን ይልቅ አየር ነው። ቤንዚን ለመጨመር የካርቡራተሩን ቀዳዳ ማስፋት ይበቃል። ቤንዚኑን የሚያቃጥለው አየር ግን ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ ከሚስበው በላይ አይገባም። ስለዚህ አንድ ሞተር ጉልበት እንዲጨምር ከተፈለገ ወይ ሆዱን ማስፋት ነው፣ ወይ ጉሮሮውን መክፈት ነው፣ ወይ ቶሎ ቶሎ እንዲተነፍስ ማድረግ ነው፣ ያለዚያም አየሩን ከውጭ በግድ ማጎር ነው። ይህንን አዲስ አበባ ላይ ያለን ሰዎች ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባናል። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ስለምንኖር አየራችን በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ምጽዋ ላይ እንደ ልቡ የሚጎትት ሞተር እንጦጦ ዳገት ላይ የሚያለከልከው ስለዚሁ ነው።

በግድ የማጎሩን ነገር ያሰበው ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቢዩሂ ነበር። በ1905 ለሐሳቡ የባለቤትነት ማረጋገጫ አወጣ። ሐሳቡም እንዲህ ነው፦ ቤንዚን ወይም ናፍጣ ሲቃጠል ከሚገኘው ኃይል ሲሶ ያህሉ በጭስ ማውጫው በኩል ሜዳ ላይ ይፈሳል። ታዲያ ይህን ትኩስ ጭስ አንድ መዘውር እንዲያሽከረክር ብናደርገው፣ መዘውሩም በሌላ ጫፉ ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ቢልክ፣ የተጣለው ኃይል ተመልሶ ቤት ገባ ማለት ነው። ዛሬ መካኒኮቻችን «ቱርቦ» የሚሉት ይኸው ነው። ዳሩ ግን ሐሳብ ሌላ፣ ብረት ሌላ። ሙቀቱን የሚችል ብረት ስላልነበረ፣ ቢዩሂ ሥራው ሠምሮለት የመርከብ ናፍጣ ሞተሮችን ጉልበት ከ40 በመቶ በላይ ለማሳደግ የበቃው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳዊው ኦገስት ራቶ በአውሮፕላን ሞተር ላይ ሞከረው። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ደግሞ በ1918 አንድ ሊበርቲ የተባለ የአውሮፕላን ሞተር በካሚዮን ጭኖ 4,300 ሜትር ከፍታ ካለው ከፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አወጣው። በዝቅተኛ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦው ሲገጠምለት ግን 356 ሰጠ። እንደኔ እንደኔ ይህ የተራራ ሙከራ ከብዙ የጦር ሜዳ ድል ይልቅ ክፍል ውስጥ ሊወራ የሚገባው ነው።

ወደ ሞተር ሳይክል ስንመጣ ግን ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። በ1930ዎቹ አየር የሚያጉሩት በጭስ ሳይሆን ከሞተሩ ራሱ ኃይል እየወሰደ በሚሠራ መጭመቂያ ነበር። ኤርንስት ሄነ በ1937 እንዲህ ባለ የቢ.ኤም.ደብልዩ. ሞተር ሳይክል በሰዓት 279.5 ኪሎ ሜትር ሮጠ። ጆርጅ ማየር በ1939 በማን ደሴት ትልቁን ውድድር አሸነፈ። ጦርነቱ ሲያበቃ ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ማኅበር በ1946 መጭመቂያን ከመንገድ ውድድር ከለከለ። ቱርቦ ያለው ሞተር ሳይክል በይፋ ለገበያ የቀረበው በ1978 ነው፤ እርሱም ካዋሳኪ በአሜሪካ የሸጠው ሲሆን፣ ገዢው ዋስትና እንደሌለው ዐውቆ መፈረም ነበረበት! ቀጥሎ በ1982 ሆንዳ 497 ሲ.ሲ. ከሆነ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር 82 የፈረስ ጉልበት አወጣ። ሌሎቹም የጃፓን ፋብሪካዎች ተከተሉ፤ ዐሥር ዓመቱ ሳያልቅ ግን ሁሉም ተዉት። ዋጋው ውድ፣ ክብደቱ ብዙ፣ ጉልበቱም ነጂው ሲጠራው ዘግይቶ ከመጣ በኋላ በአንድ ጊዜ የሚፈነዳ ነበርና።

ፋብሪካዎቹ የተዉትን ግን በየቤቱ ያሉ ሰዎች አልተዉትም። ከትንሽ መኪና ላይ የወለቀ ቱርቦ ገዝቶ ከአሮጌ ሞተር ሳይክል ጋር ማጋባት በብዙ አገር እስከ ዛሬ የጓሮ ሥራ ነው። ሥራው እንዴት ያለ መሆኑን ለማወቅ ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄጄ ነበር። «ጋሼ፣ ባሮጌ ሞተር ላይ ቱርቦ ብንገጥም ምን ይሆናል?» አልኋቸው። መልስ አልሰጡኝም። ከመደርደሪያ ሥር አንድ ፒስተን አውጥተው እጄ ላይ አኖሩልኝ። አናቱ መካከል ላይ ሻማ እንደ ነካው ላስቲክ ቀልጦ ተበስቷል። «ይሄ ይሆናል፣ ልጄ» አሉ።

ምክንያቱን እየቆዩ አስረዱኝ። ተጨምቆ የገባ አየር ሲሊንደሩ ውስጥ እንደገና ሲጨመቅ ከልክ በላይ ይሞቃል፤ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስበትም ቤንዚኑ በራሱ ይፈነዳል። ፒስተኑን የሚበሳው ይህ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የፒስተኑን አናት መላጨት ወይም ከቴስታታው ሥር ወፈር ያለ ጉርኒሲዮን አስገብቶ ጭመቃውን መቀነስ ያሻል። ቢየላውም የሚመጣበትን ጫና የሚችል መሆን አለበት። ቀጥሎ የካርቡራተሩ ቦታ አለ፦ ከቱርቦው በፊት ከተደረገ ቤንዚኑም አየሩም አብረው በመጭመቂያው ውስጥ ያልፋሉ፤ ከቱርቦው በኋላ ከሆነ ግን ካርቡራተሩ ራሱ ስለሚታመቅ ቤንዚኑ በበለጠ ግፊት ካልተላከ አይወርድም። ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጭሱ እንደ ወንዝ አይፈስም፤ እየቆየ ይተኮሳል። አየሩንም እየቆየ ስለሚጎርስ በመካከል ማጠራቀሚያ ሣጥን መሥራት ግድ ነው። ከሁሉም የሚብሰው ዘይቱ ነው። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ የሚያርፈውም በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ነው። እንደ 1920ው ስካውት ያሉት ሞተሮች ግን ዘይት የሚጠጡት በጠብታ ነበር፤ የጠጡትንም መልሰው ሳይጠቀሙበት መንገድ ላይ ይጥሉታል። እንግዲህ ለቱርቦው ብቻ የሚሆን ፓምፕና ጋን ከየትም ተፈልጎ መገጠም አለበት።

መንሮ ቱርቦ አልገጠመም። ዕድሜውን ሙሉ የደከመው የቀሩትን ሦስቱን በሮች በማንኳኳት ነው፦ ሆዱን ማስፋት፣ ጉሮሮውን መክፈት፣ ትንፋሹን ማፍጠን። ፋብሪካው ቫልቮቹን ከሲሊንደሩ ጎን ነበር ያስቀመጣቸው፤ አየሩ ተጠማዝዞ ይገባል፣ ተጠማዝዞ ይወጣል። መንሮ ቫልቮቹን ከአናት ላይ አወጣቸው፤ ለዚህም የራሱን ቴስታታ ሠራ፣ የቫልቭ ማንሻውንም ዐራት አደረገው። ሲሊንደሮቹን ከአሮጌ የብረት ቧንቧ አወጣ። ፒስተኖቹን በአሮጌ ጣሳ ውስጥ አቅልጦ አፈሰሰ። ቢየላዎቹን ከትራክተር አክስል ላይ በእጁ ጠርቦ አወጣ። መለኪያ መሣሪያ ባጣ ጊዜ በብስክሌት ራጂ ይለካ ነበር ይባላል። የጎማውን ጥርስ በቢላ ላጨው። ቀን ሞተር ሳይክል እየሸጠና እየጠገነ፣ ሌሊት የራሱን ይፈታል። በመጨረሻ ሥራውን ተወና ሙሉ ጊዜውን ለጋራዡ ሰጠ። ትዳሩም ፈረሰ፤ አራት ልጆች ነበሩት። የሚያወድሱት ጸሐፊዎች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል፤ እኔም ከዚያ በላይ የምለው የለኝም፣ ግን ሳይጻፍ መቅረት የለበትም።

ደጋግሞ ፈነዳበት። የተሰባበሩትን ፒስተኖችና ቢየላዎች ግን አልጣላቸውም፤ መደርደሪያ ላይ ደርድሮ ለፍጥነት አምላክ የቀረቡ መሥዋዕቶች ናቸው ብሎ ጻፈባቸው። እኔን የገረመኝ ቀልዱ አይደለም፤ ማኖሩ ነው። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ሰነድ ሰነድ እንላለን። ያ መደርደሪያ ሰነድ ነው። የትኛው ቢየላ የት ላይ እንደ ተሰበረ ያየ ሰው የሚቀጥለውን የት ላይ ማወፈር እንዳለበት ያውቃል። ጋሼም ያን የተበሳ ፒስተን ያኖሩት ለዚሁ መሆን አለበት። የባለቤትነት ማረጋገጫና የፋብሪካ ማኅደር ስናገላብጥ የምናገኘው የተሳካውን ብቻ ነው።

በ1962 መንሮ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ሆኖ ሞተሩን በመርከብ ጭኖ አሜሪካ ሄደ። ዩታ ውስጥ ቦነቪል የሚባል የደረቀ የጨው ሜዳ አለ፤ ዓይን እስኪታክት ዝርግ ነው። ስካውቱ በዚያን ጊዜ 850 ሲ.ሲ. ደርሶ ነበር። በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ሮጦ የመደቡን ክብረ ወሰን ያዘ። ልብ በሉ፣ ኢንቨርካርጊል ባሕር ዳር ናት፤ መንሮ የሚሞክረውም ኦሬቲ በሚባል የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ነበር። ቦነቪል ግን 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በወፍራም አየር ያደገው ሞተር በሳሳ አየር ነው የተፈተነው። በ1966 በሌላ መደብ 270 አስመዘገበ። በ1967 ደግሞ 68 ዓመቱ ነበር፤ ሞተሩ 950 ሲ.ሲ. ገደማ ሆኗል። ከ1,000 ሲ.ሲ. በታች ባለው መደብ በሰዓት 295.4 ኪሎ ሜትር ተመዘገበለት። ለማጣሪያ ባደረገው የአንድ አቅጣጫ ሩጫ ግን 305.9 ደርሷል። ለክብረ ወሰን የሚቆጠረው በሁለት አቅጣጫ የተሮጠው ተደምሮ ለሁለት የተካፈለው ብቻ ስለሆነ ያኛው ቀረ።

በ2005 ስለ እርሱ የወጣውን ፊልም ያየ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ጉዞ የተፈጸመ አድርጎ ሊያስበው ይችላል። ፊልሙን እኔም ወድጄዋለሁ፤ አንቶኒ ሆፕኪንስ የሽማግሌውን ነገር ይዞታል። ነገር ግን ብዙ ጉዞዎችን አንድ አድርጎ ሲያጥፋቸው፣ በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ያለውን ሌሊት ሁሉ አጠፋው። የነገሩ ጭብጥ ደግሞ እዚያ ሌሊት ውስጥ ነው። ከ1962 እስከ 1967 ያለው አምስት ዓመት ለሰባት ኪሎ ሜትር ጭማሪ የተከፈለ ነው።

መንሮ በ1978 ጥር ወር ሞተ። ከ36 ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ልጁ የ1967ቱን ወረቀት ሲመለከት የሁለቱ ሩጫዎች አማካይ በስሕተት እንደ ተሰላ አገኘ። የአሜሪካው ማኅበርም ተቀብሎ ቁጥሩን ወደ 296.26 አረመው። ማጠፊያው ላይ ብቻ የተሳሳተ ሒሳብ ነው፤ የሚሰላውም በእርሳስና በአንድ ብጣሽ ወረቀት ነው።

ሞተር ሳይክሉ አሁን ኢንቨርካርጊል ውስጥ ነው ያለው። ያስቀመጡት ሙዚየም ውስጥ አይደለም፤ ምስማር፣ መጋዝና ሞረድ በሚሸጥበት የዕቃ መደብር ውስጥ ነው። ብሎን ሊገዛ የገባ ሰው አጠገቡ ያልፋል።