የሕዋስ ክፍፍል መዛባትን ዒላማ ያደረገው የሕጻናት የደም ካንሰር ሕክምና

በሕጻናት ላይ ከሚከሰቱ የካንሰር ዓይነቶች መካከል በስፋት የሚታየው ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የተሰኘው አጣዳፊ የደም ካንሰር ነው። በሽታው የሚጀምረው በአጥንት መቅኒ ውስጥ ሲሆን፣ ያልበሰሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ከቁጥጥር ውጪ በመከፋፈል ጤናማ ደም የሚመረትበትን ስፍራ ይይዛሉ። በዚህም ሳቢያ ሕጻኑ ለደም ማነስ፣ ለተደጋጋሚ ትኩሳትና ለደም መፍሰስ ይጋለጣል።

ጤናማ የሰው ሕዋስ 46 ክሮሞዞሞች ያሉት ሲሆን፣ ከመከፈሉ በፊት እነዚህን አባዝቶ ለሁለቱ አዳዲስ ሕዋሳት በእኩል ያከፋፍላል። በበሽታው ከሚያዙ ሕጻናት ሩብ በሚሆኑት ላይ ግን የካንሰሩ ሕዋሳት ከ50 በላይ ክሮሞዞሞች ይገኙባቸዋል። እነዚህ ሕጻናት ለሕክምናው የተሻለ ምላሽ ስለሚሰጡ፣ ሐኪሞች የክሮሞዞሞቹን ቁጥር የሕክምናውን መጠን ለመወሰን ይጠቀሙበታል።

ከሕክምናው ዋነኛ መድኃኒቶች አንዱ ከማዳጋስካር ተክል የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የተፈቀደው ቪንክሪስቲን ነው። መድኃኒቱ በክፍፍል ወቅት ክሮሞዞሞችን ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚስቡት ጥቃቅን ክሮች እንዳይሠሩ በማገድ ሕዋሱን ለሞት ይዳርጋል። ሜርካፕቶፑሪንና ሜቶትሬክሴት ደግሞ ሕዋሱ ዘረመሉን እንዳያባዛ ይከላከላሉ። መድኃኒቶቹ ጤናማ ሕዋሳትንም ስለሚጎዱ ሕክምናው የቅርብ ክትትል ያስፈልገዋል።

ሕክምናው በአብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። የሕመም ምልክቶቹ በመጥፋታቸው ብቻ ሕክምናው ከተቋረጠ፣ የተረፉት ጥቂት ሕዋሳት እንደገና በመከፋፈል በሽታውን ይመልሱታል።

የመድኃኒት አቅርቦት መስተጓጎልም ተመሳሳይ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ቪንክሪስቲን ከሚያቀርቡት ሁለት ድርጅቶች አንዱ ምርቱን በማቆሙ በሀገሪቱ ሆስፒታሎች እጥረት መፈጠሩ ይታወሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው፣ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች በካንሰር ከሚያዙ ሕጻናት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሲድኑ፣ በበርካታ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ባስጀመረው መርሐ ግብር በ2030 ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት እንዲተርፉ ግብ አስቀምጧል።

ሦስቱም መድኃኒቶች በድርጅቱ የሕጻናት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ተካተዋል። በመሆኑም ለግቡ መሳካት በሽታውን በወቅቱ መለየት፣ የመድኃኒት ግዥን ሳያቆራርጡ ማቀድና ቤተሰቦች ሕክምናውን እስከ መጨረሻ እንዲከታተሉ መደገፍ ወሳኝ ነው።