የሁለት መንግሥት ገባር

በእኛ ቋንቋ «ግብር» የሚከፈልም የሚበላም ነው። ገባሩ ይከፍላል፤ ጌታው ግብር ያበላል። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር። በቀደም ከነዚያ ተማሪዎች አንዱ ቤቴ መጣ። የአሜሪካ ዜግነት ካገኘ ቆይቷል፤ አዲስ አበባ ላይ የሚያከራየው ቤት አለው። ዘንድሮ ግን አይስቅም።

«ጋሼ፣ እዚህ የኪራይ ግብሬን እከፍላለሁ፤ እዚያም አሳውቃለሁ። እዚህ የከፈልኩት እዚያ ከሚጠይቁኝ ስለሚበልጥ ትርፉ ለከርሞ ይተላለፋል ይሉኛል። ከርሞም ያው ነው። አሥር ዓመት ሲሞላው ይቃጠላል!»

«የዓመት ፈቃድ ነው እንዴ የሚቃጠለው?» ብዬ ቀለድኩ። ነገሩ ግን አልለቀቀኝም፤ ታሪኩን ማገላበጥ ጀመርኩ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልኝ።)

አሜሪካ ዜጋዋን የትም ይኑር የት ታስገብራለች። ልማዱ ከእርስ በርስ ጦርነቷ ዘመን፣ ከ1860ዎቹ የመጣ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከፍተኛው የገቢ ግብር 77 በመቶ ሲደርስ፣ በውጭ አገር የሚሠራው ዜጋ በሁለት ወገን ተላጨ። ያኔ ቶማስ አዳምስ የሚባሉ የየል ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የግምጃ ቤቱ አማካሪ ነበሩና አንድ መላ አመጡ፤ ለሌላ መንግሥት የተከፈለው ግብር ለአሜሪካ ከሚከፈለው ላይ ይቀነስ። በ1918 ሕግ ሆነ። ለጋስ ሕግ ነበር፤ እንዲያውም በዛ። የእንግሊዝ ግብር ከፍ ያለ ስለነበር ማካካሻው አሜሪካ ውስጥ የተገኘውን ገቢ ግብር ሳይቀር መብላት ጀመረ። ስለዚህ በ1921 ልጓም ገባለት፦ ማካካሻው አሜሪካ በዚያው በውጭ ገቢ ላይ ከምትጠይቀው ግብር አይበልጥም። የተረፈውስ? እስከ 1958 ድረስ ባክኖ ይቀር ነበር። በዚያ ዓመት ሁለት ዓመት ወደኋላ፣ አምስት ዓመት ወደፊት እንዲተላለፍ ተፈቀደ።

እስካሁን ያለው የአስተዋይ ሰዎች ታሪክ ነው። ቀጥሎ የመጣው የቁጣ ነው። በጥር 1969 ሥልጣን ሊለቁ ሦስት ቀን የቀራቸው የግምጃ ቤቱ ሚኒስትር ጆሴፍ ባር ለምክር ቤት ጉድ አወጡ። ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ገቢ እያላቸው አንዲት ሳንቲም የፌዴራል የገቢ ግብር ያልከፈሉ 155 ሰዎች አሉ፤ 21ዱ ሚሊየነሮች ናቸው አሉ። አገር ተንጫጫ። በዚያው ዓመት ሀብታም ጨርሶ እንዳያመልጥ «ዝቅተኛ ግብር» ተደነገገ። በኋላ መልኩን ቀይሮ፣ ሒሳቡን ሁለቴ አስልተህ የበዛውን ክፈል የሚል ተለዋጭ ግብር ሆነ።

በ1986 ሁለቱ ታሪኮች ተጋጩ። በተለዋጩ ስሌት የውጭ ማካካሻው ከግብሩ 90 በመቶ በላይ እንዳያነሳ ተወሰነ። ለባዕድ መንግሥት የፈለከውን ያህል ብትከፍል አሥር በመቶው ለእኛ ነው ማለት ነው። ካናዳ የሚኖሩ አሜሪካውያን ባልና ሚስት፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ውል አለ ብለው ተከራከሩ። በ2003 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ኋላ የወጣው ሕግ ይገዛል ብሎ ፈረደባቸው። በዓመቱ፣ በ2004፣ ምክር ቤቱ ራሱ ገደቡን ሰረዘ። የመተላለፊያውንም ጊዜ አንድ ዓመት ወደኋላ፣ አሥር ዓመት ወደፊት አደረገው። የተማሪዬ አሥር ዓመት ከዚያ የመጣ ነው።

ለ155 ሰዎች የተዘረጋው ወጥመድ ግን ሰፋ። ገንዘብ እየረከሰ ሲሄድ መነሻው አብሮ ስላላደገ፣ በ2017 ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጉ ከፋዮችን ይይዝ ነበር። በዚያ ዓመት መጨረሻ የወጣው ሕግ መነሻውን ከፍ ሲያደርገው ወደ 200 ሺህ ወረዱ። ስሌቱ ግን አልቀረም። ማካካሻም ለተለዋጩ ግብር ለብቻ ይሰላል፤ ትርፉም በሌላ መዝገብ ይያዛል።

ይህን ሁሉ ለተማሪዬ ስነግረው፣ «እኛና አሜሪካ የግብር ውል ቢኖረን ኖሮ!» አለ። እውነት ነው፣ የለንም። የካናዳዎቹ ግን ነበራቸው። ያተረፋቸው ውሉ ሳይሆን፣ ሕጉ ያልታሰበ ሰው መያዙን ቆይቶም ቢሆን አይቶ ያረመ ምክር ቤት ነው።

ተማሪዬ ቡናውን ጨርሶ ደረሰኞቹን በፌስታል ሰበሰበ። ሁለት መንግሥት ያስገብረዋል፤ ግብር ያበላው ግን የለም። ቡናዬን ካልቆጠርነው።