«መቼ ነው ጡረታ የምትወጪው?» ብዬ የጠየቅኩ ቀን

አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንዲት የሥራ ባልደረባዬን በአንድ ጥያቄ አስቀየምኳት። ዕድሜዋ 66 ነው። ሥራውን ያለማመደችኝ እሷ ናት፤ ምሳ ሳልይዝ ስመጣም የራሷን ታካፍለኝ ነበር። አንድ ቀን ቁጭ ብላ እግሯን ስታሽ አሳዘነችኝና «ዌን አር ዩ ሪታየሪንግ?» አልኳት። በልቤ «እረፊ እንጂ፣ ጧሪ አያሳጣሽ» ማለቴ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና «ማን ጠይቅ አለህ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ዝም።

ነገሩ ሲከነክነኝ ታሪኩን ማንበብ ጀመርኩ።

ከቃሉ እንነሳ። የእኛ «ጡረታ» የመጣው «ጦረ» ከሚለው ግስ ነው፤ ደገፈ፣ ተንከባከበ ማለት ነው። «ጧሪ ቀባሪ» የምንለውም ከዚያው ነው። እንግሊዝኛው «ሪታየር» ግን ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ሆኖ ወደ ኋላ መሳብ፣ ማፈግፈግ ማለት ነው። ጦር ሲያፈገፍግም የሚባለው ይኸው ቃል ነው። እኔ ስለ እረፍቷ ስጠይቅ እሷ የሰማችው «ቦታሽን መቼ ትለቂያለሽ?» የሚለውን ነው።

ቃሉ ብቻ ቢሆን ግን እንዲህ አትደነግጥም ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሠራተኛው፣ አሠሪውና መንግሥት የሚያዋጡበትን የጡረታ ሕግ የቢስማርክ ጀርመን ያወጣችው በ1889 ነው። 65 ዓመትን የቆረጠው ቢስማርክ ነው ሲባል እንሰማለን፤ የእሱ ሕግ የሚለው ግን 70 ነበር። 65 የሆነው በ1916 ነው። አሜሪካም በ1935፣ በሩዝቬልት ዘመን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ስታወጣ 65ን ያዘች። ቁጥሩ የተቀመጠው ለሽማግሌ ገንዘብ ለመክፈል ነበር፤ ብዙ አሠሪ ግን ሰው ማስወጫ አደረገው። ጉልበት ኖረህም አልኖረህም 65 ሲሞላህ ደህና ሁን ትባላለህ።

ማጊ ኩን የምትባል ሴት ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስትሠራ በ1970 ዕድሜሽ ደረሰ ተብላ እንድትወጣ ተደረገች። እሷ ግን ቤቷ አልተቀመጠችም። ከጓደኞቿ ጋር «ግሬይ ፓንተርስ» የተባለውን እንቅስቃሴ መሠረተች። በ1967 የወጣው የዕድሜ መድልዎ ሕግ የሚጠብቀው ከ40 እስከ 65 ያለውን ሰው ብቻ ነበርና ትግሉ ቀጠለ። በ1978 ጣሪያው 70 ሆነ፤ በ1986 ደግሞ ለአብዛኛው ሥራ ጭራሽ ተነሳ። ለዚህ ሽንጡን ገትሮ የተከራከረው የፍሎሪዳው የምክር ቤት አባል ክላውድ ፔፐር ራሱ ያኔ 86 ዓመቱ ነበር! በ1989 የሞተውም ወንበሩን ሳይለቅ ነው። እንግሊዝ ሠራተኛን በ65 ማሰናበት የሚፈቅደውን ደንብ ያስቀረችው ገና በ2011 ነው።

እኛ አገር የመንግሥት ሠራተኛ 60 ሲሞላው እንደሚወጣ ይታወቃል። ስለዚህ «ጡረታዎ መቼ ነው?» ብንል ቀን መጠየቅ ነው። እዚህ ግን ቀኑን የሚቆርጠው ራሱ ሠራተኛው ነው፤ ያንንም በትግል ነው ያገኘው። አለቃ ደጋግሞ ከጠየቀማ ጥያቄው ፍርድ ቤት የዕድሜ መድልዎ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት ይችላል።

ለዚህ ነው ጨዋው አጠያየቅ «መቼ» የማይለው። «ኢፍ ዩ ዶንት ማይንድ ማይ አስኪንግ» ብለህ ትጀምራለህ፤ መጠየቄ ካላስከፋሽ እንደማለት። ከዚያ «ዱ ዩ ሃቭ ኤኒ ፕላንስ ፎር ዘ ኔክስት ፊው ይርስ?» ትላለህ፤ ለሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ያሰብሽው ነገር አለ ወይ ነው። ጡረታ የሚለውን ቃል እሷ ራሷ ካነሳችው ታነሳዋለህ፤ ካላነሳችው ትተዋለህ።

ከሳምንት በኋላ ይቅርታ ጠየቅኳትና እንደዚያ ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። የልጅ ልጇን የምታሳድገው እሷ ናት፤ ልጁ ሃይስኩል ለመጨረስ አራት ዓመት ይቀረዋል። «እስከዚያ የትም አልሄድም» አለችኝ።

ለካስ እኔ የሚጦራት ሰው ሳስብላት፣ እሷ የምታሳድገው ነበራት።