የአሜሪካ የፕሬዚዳንትና የኮንግረስ ምርጫ

የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ 50 ግዛቶችና ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ በአንድ ቀን የሚያካሂዷቸው ምርጫዎች ድምር ነው። አገሪቱ የግዛቶች ኅብረት ሆና ስለተመሠረተች ምርጫውን ከላይ እስከ ታች የሚመራ ማዕከላዊ ቦርድ የላትም፤ የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን የሚባለው መሥሪያ ቤት ሥራውም የምርጫ ዘመቻ ገንዘብን መቆጣጠር ነው። መራጭ የሚመዘግቡት፣ የድምፅ መስጫ ወረቀት የሚያዘጋጁት፣ ቆጥረው ውጤቱን የሚያጸድቁት ግዛቶችና በሥራቸው ያሉ አስተዳደሮች ናቸው። በዚህ የተነሣ መታወቂያ የማሳየት ግዴታም ሆነ በፖስታ ድምፅ የመስጠት ደንብ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ሰሜን ዳኮታ ከነጭራሹ የመራጮች ምዝገባ የላትም።

ፕሬዚዳንት በየ4 ዓመቱ ይመረጣል። በ1845 በወጣ ሕግ መሠረት (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የምርጫው ቀን በኖቬምበር ከመጀመሪያው ሰኞ ቀጥሎ ያለው ማክሰኞ ነው። ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ የሪፐብሊካንና የዴሞክራቲክ ፓርቲዎች እጩዎች በየግዛቱ ቅድመ ምርጫ ይወዳደራሉ፤ በጥቂት ግዛቶች ደግሞ ካውከስ የተባለ የፓርቲ ስብሰባ ይካሄዳል። ተፎካካሪዎቹ እዚያ ባገኙት ድምፅ መሠረት ልዑካን ይደለደሉላቸዋል፤ የልዑካኑ ጉባኤም የፓርቲውን እጩና ምክትሉን በይፋ ይሰይማል።

በኖቬምበር ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ አይመርጥም። የሚመርጠው በእጩው ስም የቀረቡ ወኪል መራጮችን ነው፤ የእነዚህ ሰዎች አካል ኤሌክቶራል ኮሌጅ ይባላል። እያንዳንዱ ግዛት በኮንግረስ ባሉት መቀመጫዎች ልክ ወኪል መራጮች አሉት። ዋሽንግተን ዲሲ በ1961 በጸደቀው 23ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ 3 ስላገኘች ጠቅላላ ቁጥሩ 538 ነው፤ ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል። ከሜይንና ከኔብራስካ በስተቀር በሁሉም ግዛቶች በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠ እጩ የግዛቱን ወኪል መራጮች ጠቅልሎ ይወስዳል።

የሥርዓቱ ዋና ችግር የሚመነጨው ከዚህ ነው። በ2000 አል ጎር በአገር አቀፍ ደረጃ ከ500 ሺሕ በላይ ብልጫ ነበራቸው። ሆኖም ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ በተሰጠባት ፍሎሪዳ ጆርጅ ቡሽ በ537 ድምፅ ቀደሙ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድጋሚ ቆጠራውን ሲያስቆም ፕሬዚዳንትነቱ የቡሽ ሆነ። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በ2.9 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ በልጠው በዶናልድ ትራምፕ ተሸንፈዋል። በ1824፣ በ1876ና በ1888ም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። የድምፅ ክብደቱም እኩል አይደለም፤ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በዋዮሚንግ አንድ ወኪል መራጭ 190 ሺሕ ያህል ነዋሪ ሲደርሰው በካሊፎርኒያ ከ730 ሺሕ በላይ ይደርሰዋል። ውጤታቸው አስቀድሞ የሚታወቅ ግዛቶችን እጩዎቹ እምብዛም አይጎበኟቸውም፤ የዘመቻው ገንዘብና ጉልበት የሚፈሰው እንደ ፔንሲልቫኒያ፣ ሚሺጋንና ዊስኮንሲን ወዳሉ ተለዋዋጭ ግዛቶች ነው። ኤሌክቶራል ኮሌጅን ለማስቀረት ከሁለቱ የኮንግረስ ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የ38 ግዛቶች ይሁንታ ያስፈልጋል። ከሥርዓቱ የሚጠቀሙ ግዛቶች ጥቅማቸውን በገዛ ድምፃቸው ይተዋሉ ማለት ደግሞ ይከብዳል።

ወኪል መራጮቹ በዲሴምበር በየግዛታቸው ተሰብስበው ድምፅ ይሰጣሉ፤ ኮንግረስ ጃንዋሪ 6 ድምፁን ይቆጥራል። 270 ያገኘ ከሌለ ፕሬዚዳንቱን የተወካዮች ምክር ቤት ይመርጣል፤ ያን ጊዜ ትልቁም ትንሹም ግዛት አንድ ድምፅ ብቻ አለው። በ1824ቱ ምርጫ አንድሩ ጃክሰን ብዙ ድምፅ አግኝተው ሳለ ምክር ቤቱ ጆን ክዊንሲ አዳምስን የመረጠው በዚህ መንገድ ነበር። አሸናፊው ጃንዋሪ 20 ቃለ መሐላ ይፈጽማል፤ ከ1951 ወዲህ ከሁለት ጊዜ በላይ መመረጥ አይቻልም።

ኮንግረስ ሁለት ምክር ቤቶች አሉት። የሴኔቱ 100 አባላት ከየግዛቱ ሁለት ሁለት ሆነው ለ6 ዓመት ይመረጣሉ፤ በየ2 ዓመቱም አንድ ሦስተኛ ያህሉ ወንበር ለውድድር ይቀርባል። እስከ 1913 ድረስ ሴናተሮችን ይመርጡ የነበሩት የየግዛቱ ምክር ቤቶች ነበሩ። የተወካዮች ምክር ቤት 435 አባላት ግን ሁሉም በየ2 ዓመቱ ይመረጣሉ። በፕሬዚዳንቱ የሥልጣን ዘመን አጋማሽ ላይ የሚደረገው የኮንግረስ ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ የፕሬዚዳንቱን ፓርቲ መቀመጫ ያሳጣዋል።

የተወካዮች መቀመጫ በየ10 ዓመቱ ከሚደረገው የሕዝብ ቆጠራ በኋላ ለግዛቶች ይደለደላል። ወረዳ የሚከልሉት በአብዛኛው የግዛት ምክር ቤቶች በመሆናቸው የበላይነት ያለው ፓርቲ ድንበሩን ለራሱ እንዲመች አድርጎ ያሰምራል። ድርጊቱ ጄሪማንደሪንግ የሚባለው በ1812 እንዲህ ያለ ካርታ ባጸደቁት የማሳቹሴትስ ገዥ በኤልብሪጅ ጄሪ ስም ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለፓርቲ ጥቅም የተሰመረን ወረዳ መዳኘት እንደማይችሉ ወስኗል። ካሊፎርኒያ፣ አሪዞናና ሚሺጋን ሥራውን ለገለልተኛ ኮሚሽን የሰጡበት ጊዜ አለ፤ መራጩ ተወካዩን እንዲመርጥ እንጂ ተወካዩ መራጩን እንዳይመርጥ የሚያደርግ የተሻለ መንገድ ነው።

በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ነው፤ ግሪን ካርድ ብቻውን አያበቃም። ከኢትዮጵያ ሄዶ ዜግነት ያገኘ ሰው መምረጥ ይችላል፤ ከ7 ዓመት ዜግነት በኋላ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ከ9 ዓመት በኋላ ለሴኔት መወዳደርም ይችላል፤ ፕሬዚዳንት መሆን ግን ለትውልድ ዜጎች ብቻ የተተወ ነው። የፖርቶ ሪኮ ነዋሪዎች ዜጎች ቢሆኑም ደሴቲቱ ግዛት ስላልሆነች ፕሬዚዳንት አይመርጡም፤ ወደ ፍሎሪዳ ተዛውረው መኖር ሲጀምሩ ግን ይመርጣሉ።