አረንጓዴ ሃይድሮጅን እና የመቐለ ከባድ ኢንዱስትሪ

አረንጓዴ ሃይድሮጅን የሚባለው ከነፋስ፣ ከፀሐይ ወይም ከግድብ በሚገኝ ኤሌክትሪክ ውኃን በመክፈል የሚመረት ሃይድሮጅን ነው። ውኃው የሚከፈለው ኤሌክትሮላይዘር በተባለ መሣሪያ ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ ኪሎ ሃይድሮጅን ጋር 8 ኪሎ ያህል ኦክስጅን ይወጣል። ዛሬ ዓለም ከሚጠቀምበት ሃይድሮጅን አብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ስለሚሠራ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። በመቐለ እስካሁን አረንጓዴ ሃይድሮጅን የሚያመርት ፋብሪካ አልተተከለም። ይሁን እንጂ የነፋስ ኃይል ማመንጫ፣ የኖራ ድንጋይ፣ የሲሚንቶ እቶን እና ማዳበሪያ የሚጠብቅ ገበሬ በአንድ አካባቢ የሚገናኙባት ከተማ ስለሆነች፣ ይህ ሃይድሮጅን ለኢትዮጵያ ከባድ ኢንዱስትሪ የሚሆነውንና የማይሆነውን ለመለየት ጥሩ ማሳያ ናት።

የትግራይ ዋና ከተማ መቐለ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አካባቢዋ በአንታሎ የኖራ ድንጋይ የታወቀ ሲሆን፣ የመሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካ በከተማዋ የተተከለውም ይህ ጥሬ ዕቃ ቅርብ በመሆኑ ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ የሚገኘው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በጥቅምት 2006 ዓ.ም ተመረቀ፤ 84 ተርባይኖች ያሉት ሲሆን አቅሙ 120 ሜጋ ዋት ነው። በ2002 ዓ.ም የተመረቀው 300 ሜጋ ዋት የተከዜ ግድብም ከመቐለ በስተምዕራብ ይገኛል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ሲጨምር፣ አገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይሏን በምን ላይ ታውለው የሚለው ጥያቄ ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል።

ሃይድሮጅን ሲነሣ ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት የሲሚንቶውን እቶን ነው። የሲሚንቶ ዋና ግብዓት የሆነው ክሊንከር የሚሠራው ድንጋዩ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠል ነውና፣ ከሰሉን በሃይድሮጅን መተካት ቀጥተኛ መፍትሔ ይመስላል። ችግሩ ግን ከሲሚንቶ ምርት ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 60 በመቶ ያህሉ ከነዳጁ ሳይሆን ከድንጋዩ መምጣቱ ነው። የኖራ ድንጋይ ሲሞቅ ውስጡ የታሰረውን ጋዝ ይለቃል፤ እሳቱ በምንም ቢነድ ይህ አይቀርም።

የኃይሉ መጠንም ከባድ ነው። በቀን 3,000 ቶን ክሊንከር የሚያወጣ አንድ እቶን ለእያንዳንዱ ቶን 3.5 ጊጋ ጁል ሙቀት ቢፈልግ፣ በሃይድሮጅን ብቻ እንዲሠራ በቀን 88 ቶን ያህል ያስፈልገዋል። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለማምረት 53 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢወስድ፣ ይህ ሌት ተቀን ሳይቋረጥ 190 ሜጋ ዋት ገደማ ይጠይቃል። አሸጎዳ ሲመረቅ በዓመት 400 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል እንዲያመነጭ ታስቦ ነበር፤ ይህ በአማካይ 46 ሜጋ ዋት ስለሆነ የእቶኑን ፍላጎት ሩቡን እንኳ አይሞላም። ወጪውም ቀላል አይደለም፤ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ በ3 የአሜሪካ ሳንቲም ቢገኝ እንኳ የአንድ ኪሎ ሃይድሮጅን የኃይል ወጪ ብቻ ከ1.50 ዶላር ያልፋል። በእንግሊዝ የሪብልስዴል ሲሚንቶ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ሃይድሮጅንን ከሌሎች ነዳጆች ጋር ቀላቅሎ በእቶን አቃጥሏል። ቴክኒኩ ይቻላል ማለት ነው፤ የመቐለ የመጀመሪያ ምርጫ ግን ሊሆን አይገባም። ለሲሚንቶው ይበልጥ የሚጠቅመው የክሊንከሩን ድርሻ መቀነስ ነው፤ የኢትዮጵያ ፋብሪካዎች የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየቀላቀሉ ፖዞላና ሲሚንቶ ማምረት የለመዱት ሥራ ነው። ብረት ላይም ሃይድሮጅን ቶሎ ቦታ አያገኝም፤ የአገሪቱ ፋብሪካዎች ከቁርጥራጭ ብረትና ከውጭ ከሚገባ ግብዓት የሚነሡ እንጂ ማዕድኑን በከሰል የሚያቀልጡ አይደሉም።

የሃይድሮጅን ትክክለኛ ቦታ ማዳበሪያ ነው። የማዳበሪያው መሠረት የሆነው አሞንያ ያለ ሃይድሮጅን አይሠራም፤ ሃይድሮጅኑ በሌላ ነገር የሚተካበት መንገድ የለም። ኢትዮጵያ በዓመት ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ታስገባለች። በትግራይ ጦርነት ዓመታት ማዳበሪያ ለክልሉ ገበሬ በወቅቱ ሳይደርስ የቀረበት ክረምት የዚህ ጥገኝነት ዋጋ ምን ያህል መራራ እንደሆነ አሳይቷል።

የሲሚንቶው ጉድለት እዚህ ላይ ጥሬ ዕቃ ይሆናል። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞንያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አንድ ቶን ዩሪያ 0.57 ቶን አሞንያ እና 0.73 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል። አሸጎዳ በዓመት ሊያመነጭ የታሰበው ኃይል በሙሉ ለኤሌክትሮላይዘር ቢውል 7,500 ቶን ያህል ሃይድሮጅን፣ ከዚያም 75,000 ቶን ገደማ ዩሪያ ይገኝበታል። ለዚህ የሚያስፈልገው 55,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀን 3,000 ቶን ክሊንከር የሚያመርት እቶን ከድንጋዩ ብቻ በአንድ ወር ተኩል ከሚለቀው ያነሰ ነው። ጋዙን ከጭሱ ለይቶ ማውጣት ግን ራሱን የቻለ ውድ ሥራ ነው፤ ዩሪያውም እርሻ ላይ ሲበተን ያንኑ ጋዝ መልሶ ይለቃል። ስለዚህ ትርፉ በዋናነት የተፈጥሮ ጋዝ ማቃጠልን ማስቀረትና ከውጭ ግዢ መላቀቅ ነው።

በአገሪቱ የተመረጠው መንገድ ለጊዜው ሌላ ነው። መንግሥት ነሐሴ 2017 ዓ.ም ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በተፈራረመው ስምምነት በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ ይገነባል፤ ግብዓቱም የካሉብና የሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። በመጠን የመቐለው ሐሳብ ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ በካርቦን ልቀት ማነስ ግን ይበልጠዋል።

በኤሌክትሪክ አሞንያ መሥራት ለአፍሪካ አዲስ አይደለም። የግብጹ ኪማ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በአስዋን ግድብ ኃይል ማዳበሪያ ሲያመርት ኖሮ በኋላ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞሯል። በዚምባብዌ ክዌክዌ ከተማ ያለው ሴብል ኬሚካልስም በካሪባ ግድብ ኃይል ይሠራ የነበረውን ኤሌክትሮላይዘሩን እ.ኤ.አ. በ2015 ዘግቷል። ሁለቱም በርካሽ ኃይል የተጀመሩ ናቸው፤ ኃይሉ ሌላ ፈላጊ ሲበዛበት አዋጪነታቸው ተናጋ። ከሕዝቧ ግማሽ ያህሉ መብራት በማያገኝባት ኢትዮጵያ ይህ ታሪክ በቁም ነገር ሊጠና ይገባል።

በመቐለ ከሁሉም በላይ የሚፈትነው ውኃ ነው። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን 9 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል፤ በማጣራት የሚባክነው ሲጨመር ደግሞ ይበልጣል። ነዋሪው በጄሪካንና በቦቴ ውኃ በሚገዛባት ከተማ ለፋብሪካ ውኃ ማስቀደም ፍትሐዊ አይሆንም። ለከተማዋ ታስቦ የተጀመረው የገረብ ግባ ግድብ በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጦ ነበር። ጦርነቱ የኤሌክትሪክ መስመሮችን አቋርጦ ፋብሪካዎችንም ሥራ አስፈትቶ ነበር፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም በፕሪቶሪያ የተፈረመው የሰላም ስምምነት ነው እቶኖቹን መልሶ ለማንደድ በር የከፈተው። ኤሌክትሮላይዘር ኃይል በተቆራረጠ ቁጥር ይጎዳል፤ አሞንያም መርዛማ በመሆኑ ከመኖሪያ ሰፈር ርቆ መቀመጥ አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚነሣው ፍርድ ግልጽ ነው። የመቐለ ሰው የሰለጠነ እጅ አለው፤ መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ በብረታ ብረት ሥራ፣ የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት–መቐለ ደግሞ በመሐንዲስ ማፍራት ልምድ አላቸው። መጀመር የሚገባው በትንሹ፣ በቀን 1 ቶን አሞንያ በሚያመርት የሙከራ ተቋም ነው፤ ይህ ከግማሽ ሜጋ ዋት የማይበልጥ ኃይልና በቀን ከ2,000 ሊትር ያነሰ ንጹሕ ውኃ ይበቃዋል። ትልቁ ፋብሪካ ግን ከገረብ ግባ ውኃ በፊት ሊታሰብ አይገባም።