ኑዛዜና የውርስ ክርክር

«ኑዛዜ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ያመለክታል፦ ምእመን ለንስሐ አባቱ ኃጢአቱን መናገሩንና ሰው ከሞቱ በኋላ በንብረቱ ላይ እንዲፈጸም የሚፈልገውን መግለጹን። ሁለቱም ብዙ ጊዜ በአንድ የሕመም አልጋ አጠገብ ስለሚፈጸሙ «የንስሐ አባቱ ባሉበት ተናዟል» ማለት ብቻውን የሚበቃ የሚመስላቸው አሉ። በወራሾች መካከል ክርክር የሚነሣውም ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜዎችን ያውቃል።

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ፦ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ይገለጻል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርሙበታል።

በተናዛዡ ጽሕፈት የሚደረግ ኑዛዜ፦ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ ይጻፋል፤ በየገጹ ቀንና ፊርማ ይኖረዋል።

የቃል ኑዛዜ፦ ለሁለት ምስክሮች ይነገራል። የሚጸናው ግን ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ቤት በቃል ኑዛዜ አይተላለፍም።

ምስክር ለሆነ ሰው የተሰጠ ስጦታም በፍርድ ቤት ሊቀነስ ወይም ሊሰረዝ ይችላል፤ ካህኑ ቢመሰክሩ ተጠቃሚ ባይሆኑ ይመረጣል።

ስለ ርስት ከወንድሙ ጋር የተከራከረ ሰው ዳኝነት በጠየቀ ጊዜ ጌታችን ከመጎምጀት እንዲጠበቁ አስተማረ (ሉቃ. 12፥13-15)። ወላጅ በጤናው ሳለ ኑዛዜውን በሥርዓት ቢያጽፍ፣ ልጆቹን ከዚህ ፈተና ይጠብቃል።