ጠመንጃውና ትከሻው

ስለ ጠመንጃ የተጻፉ ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት በአፈሙዙ በኩል ስለሚሆነው ነገር ነው፤ ምን ያህል ራቀ፣ ምን ያህል ገደለ፣ የትኛው ጦር በየትኛው ጠመንጃ ድል አደረገ የሚል። በሰደፉ በኩል ቆሞ ምቱን ስለሚቀበለው ትከሻ የሚጽፍ ብዙ የለም። አንድ ሰው ክንዱ ተሰብሮ ወይም ትከሻው ወልቆ ከዳነ በኋላ ወደ ወፍ አደኑ መመለስ ሲያምረው የሚገጥመው ጥያቄ ግን ይኸው የሰደፍ በኩል ጥያቄ ነው። የማይራገጥ ጠመንጃ የትኛው ነው? ጥያቄው የግል ይምሰል እንጂ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ታሪክ አለው፤ በታሪኩም ውስጥ ንጉሠ ነገሥት ሳይቀር ይገኝበታል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጀርመኑ ካይዘር ዊልሄልም 2ኛ በ1859 በርሊን ሲወለድ ምጡ ከብዶ፣ ሕፃኑም በመቀመጫው በኩል መጥቶ ነበርና ሲጎተት የግራ ክንዱ ነርቮች ተጎዱ። ካደገ በኋላም ያ ክንድ ከቀኙ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጠረና የሰለለ ሆኖ ቀረ። ሐኪሞቹ ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። የልጁን ክንድ አዲስ በታረደ ጥንቸል ሰውነት ውስጥ እየከተቱ ሙቀቱና ጉልበቱ ወደ እሱ እንዲተላለፍ ይጠባበቁ ነበር፤ ጤነኛውን ቀኝ እጅ ጠፍረው ግራው እንዲሠራ አስገደዱት፤ ኤሌክትሪክም አስነዘሩት። አንዱም አልረዳም። በፎቶግራፎቹ ላይ ግራ እጁ ዘወትር ጓንት ጨብጦ ወይም የጎራዴ እጀታ ላይ አርፎ የሚታየው እጥረቱን ለመሸሸግ ነው።

እንግዲህ ከአውሮፓ ነገሥታት መካከል አደን አብዝተው ከሚወዱት አንዱ ለመሆን የበቃው ይህ ሰው ነው። በምሥራቅ ፕሩሲያ ሮሚንተን በተባለው ደን ውስጥ የአደን ቤት አሠርቶ ነበር፤ በዘመነ መንግሥቱ የገደለው አውሬና ወፍም በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። (በነገራችን ላይ በ1897 ዓ.ም. ፍሪድሪክ ሮዘንን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ልኮ የኢትዮጵያንና የጀርመንን የወዳጅነት ውል ያስፈረመው ይኸው ካይዘር ነው።) ቀኝ ትከሻው ሙሉ ጤነኛ ስለነበረ የጠመንጃው ርግጫ አላስቸገረውም። ያስቸገረው ክብደቱ ነበር። ግራው እጅ አፈሙዙን ደግፎ መያዝ ስለማይችል ቀለል ያሉ ጠመንጃዎች ይመረጡለት ነበር፤ ጥይት የሚያጎርስለትም ሰው ከአጠገቡ አይጠፋም።

የካይዘሩን ነገር ያነሣሁት ዝናውን ብዬ አይደለም። ክንዴ ተጎድቷል የሚል አዳኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚነገረው ምክር «ቀላል ጠመንጃ ግዛ» የሚል ስለሆነ ነው። ምክሩ ለካይዘሩ ይሠራ ነበር። ትከሻው ለተጎዳ ሰው ግን ከዚህ የከፋ ምክር የለም።

ምክንያቱን ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። ጠመንጃው እርሳሱን ወደ ፊት በገፋበት መጠን እርሳሱም ጠመንጃውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ጠመንጃው ቀላል ከሆነ በፍጥነት ይመለሳል፣ ከባድ ከሆነ ግን እያዘገመ። የበርሚንግሃሙ ጠመንጃ ሠሪ ዊልያም ግሪነር በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ያስለመደው ስሌት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ጠመንጃው ቢያንስ የሚተኩሰውን እርሳስ 96 ጊዜ ሊመዝን ይገባዋል ይላል። 32 ግራም እርሳስ ለሚተኩስ ሰው 3 ኪሎ ከ72 ግራም ይመጣል ማለት ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ትከሻ ያማርራል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው የእርሳሱን መጠን ነው። ለወፍ የሚሆነው ጥይት እንደ ጦር መሣሪያ አንድ አረር ሳይሆን በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎችን የያዘ ነው፤ አዳኙም ፍሬው በበዛ ቁጥር ወፏ የምትወድቅ ይመስለዋል። በአንድ ዓይነት ጠመንጃና በእኩል ፍጥነት 36 ግራም ከሚተኩስ ይልቅ 28 ግራም የሚተኩስ ሰው ትከሻው ላይ የሚያርፈው ጉልበት በግምት ወደ ስድስት አሥረኛ ዝቅ ይላል። አዲስ ጠመንጃ ሳይገዛ፣ ጥይት በመለወጥ ብቻ።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንደሚመታ የሚያውቅ ትከሻ ቃታው ሳይሳብ ይሸማቀቃል፤ ዓይን ይጨፈናል፤ አፈሙዙም ከመስመሩ ይወጣል። ያን ጊዜ ቆቋ ወይም ጅግራዋ ከነጭራሹ አትሳትም፤ አትሞትምም። ክንፏ ተሰብሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች፤ እዚያው ሆና በቀናት ውስጥ ታልቃለች። ሕመሙን ችሎ መተኮስ ጀግንነት የሚመስለው አዳኝ የጀግንነቱን ዋጋ የሚከፍሉለት ወፎቹ ናቸው።

ርግጫውን ከሰው ትከሻ አንሥቶ ብረት ላይ ለመጣል ትልቁን እርምጃ የወሰደው አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ነው፤ እርግጥ ሐሳቡ ትከሻ ማዳን አልነበረም። ዩታ ውስጥ ኦግደን በምትባል ከተማ የጠመንጃ ሠሪ ልጅ ሆኖ በ1855 የተወለደው ይህ ሰው የፈለገው ቃታ በተሳበ ቁጥር ራሱ ቀለሁን ጥሎ ራሱ የሚጎርስ የወፍ ጠመንጃ ነው። በ1900 የባለቤትነት መብት አገኘ። ለብዙ ዓመታት የሥራ ውጤቶቹን ሲገዛው ወደነበረው ዊንቸስተር ኩባንያ ሄዶ ከያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ ይታሰብልኝ ቢል እምቢ አሉት። በ1902 ወደ ሬሚንግተን ሄደ፤ በቀጠሮው ዕለት ቢሮ ተቀምጦ ሲጠብቅ የኩባንያው ፕሬዚዳንት በድንገት መሞቱ ተነገረው። ብራውኒንግም ጠመንጃውን ይዞ መርከብ ተሳፈረና ቤልጅግ አገር፣ ከሊዬዥ ከተማ አጠገብ ኸርስታል ወደሚገኘው ፋብሪክ ናስዮናል ገባ። እኛ አገር «በልጅግ» የሚለው የጠመንጃ ስም የመጣው ከዚችው አገር ነው፤ ከጣልያን ወረራ በፊት ባሉት ዓመታት የቤልጅግ መኮንኖች የክብር ዘበኛን ሲያሠለጥኑ የኸርስታል ፋብሪካ ማውዘሮችም አገራችን ገብተዋል።

በብራውኒንግ ጠመንጃ ውስጥ በርሜሉና መዝጊያው ተቆላልፈው አንድ ላይ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ ከበርሜሉ በታች ያለውን የጥይት ማጎሪያ ቱቦ የከበበው ወፍራም ሞላ ይቀበላቸዋል። ከሞላው ጋር በርሜሉን እንደ ፍሬን የሚይዙ ቀለበቶች አሉ፤ ለከባድ ጥይት በአንድ መልክ፣ ለቀላል ጥይት በሌላ መልክ ይደረደራሉ። ዛሬ አሮጌ ብራውኒንግ ገዝቶ «ትከሻዬን ሰበረው» የሚል ሰው ከስድቡ በፊት ቀለበቶቹን ቢመለከት ይሻለዋል፤ ለቀላል ጥይት እንደተደረደሩ ከባድ ጥይት ከተተኮሰባቸው ብረቱ ከብረት ጋር ይጋጭና ትከሻውም ጠመንጃውም ይደበደባሉ። ብራውኒንግ በ1926 የሞተው እዚያው የሊዬዥ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሥራ ላይ እንዳለ ነው። ጠመንጃው ግን እስከ 1998 ድረስ ሲሠራ ቆየ።

ትከሻ በእውነት ያረፈው ሬሚንግተን በ1963 ሞዴል 1100 የተባለውን ባወጣ ጊዜ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በዚህኛው በርሜሉ አይንቀሳቀስም። ባሩዱ ሲነድ ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በርሜሉ ላይ በተበሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወጥቶ ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይነዳዋል። ግፊቱ አይጠፋም፤ ጊዜው ግን ይረዝማል፤ ቡጢ የነበረው ገፋ ማድረግ ይሆናል። ከአራት ሚሊዮን በላይ የተሸጠው በመልኩ አይደለም። ቅጣቱ ቆሻሻው ነው፤ ጋዙ ጥላሸት ስለሚተው ካልተወለወለ ይነክሳል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ ለስላሶች ናቸው ማለት አይደለም። በ1967 ኡርቢኖ ላይ ሥራ የጀመረው ከሞተር ብስክሌት ሠሪዎች ቤተሰብ የወጣው ቤኔሊ ጋዝ የማይነካው፣ በመዝጊያው ውስጥ ባለች አጭር ሞላ የሚሠራ ጠመንጃ አቀረበ። ንጹሕ ነው፣ ቀላል ነው፣ አይነክስም፤ ብዙ አዳኝ ይምልበታል። ትከሻው ለታመመ ግን ያው ቀላልነቱ ይመለስበታል።

ስለዚህ የተጎዳው የትኛው ክንድ እንደሆነ ሳይጠይቅ ጠመንጃ የሚመክር ሻጭ አይታመንም። ሰደፍ የሚያርፍበት ትከሻ ከሆነ ክብደትና ጋዝ፣ ቀለል ካለ ጥይት ጋር። አፈሙዝ የሚደግፈው ክንድ ከሆነ የካይዘሩ መንገድ። ከመሐሉ ተሰብሮ የሚጎርሰው ባለ ሁለት በርሜል ምንም ቢያምር ለመክፈቱና ለመዝጋቱ ሁለት ጤነኛ ክንድ ይፈልጋል።

ሁለቱም ክንድ ለሚያስቸግረው ደግሞ 20 ቁጥር የሚባለው አለ። ቁጥሩ የሚነግረን ከአንድ ፓውንድ እርሳስ በበርሜሉ ልክ ስንት ድቡልቡል አረር እንደሚወጣ ስለሆነ ከተለመደው 12 ቁጥር ይልቅ በርሜሉ የጠበበ ነው። 24 ግራም እርሳስ ቢጎርስ በግሪነር ስሌት 2 ኪሎ ከ304 ግራም ይበቃዋል። በጋዝ የሚሠራው 20 ቁጥር 3 ኪሎ ግድም ይመዝናል፤ ወደ 700 ግራም የሚጠጋው ትርፍ ለትከሻው ነው። ያን ትርፍ ግራ ክንድ ይሸከመው እንደሆነ ለማወቅ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ባዶውን ጠመንጃ አሥር ጊዜ ወደ ትከሻ አንሥቶ ማውረድ፣ በማግስቱም ክንዱ ምን እንደሚል መስማት ነው።